በልኩ የተሠራ መንጠቆ

(ጠባብ ክፍል። ክፍሉን የሞላው አንድ ጠረጴዛ ነው፤ በላዩ ላይ ከአባታቸው የተረፈ የመጫወቻ ባቡር በሦስት ሐዲድ ይዞራል። ከጠረጴዛው ሥር የታናሽየው አልጋ አለ። ታላቅየው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንዱን ፉርጎ እንደ በሽተኛ አጋድሞ ይመረምራል። ሰፈሩ ዶክተር ይለዋል። ታናሽየው ሶፋ ሠሪ ነው፤ ሰፈሩ ምንም አይለውም።)

ዶክተር፦ ልክ አይደለም አልኩህ!

ታናሽ፦ ምን አጠፋሁ ጋሼ?

ዶክተር፦ ማንም አላጠፋም። መንጠቆው ነው ልክ ያልሆነው።

ታናሽ፦ ይይዛል እኮ። (ሁለት ፉርጎ በመንጠቆው ያጋጥማል። ቀጭ!) ይኸው፣ ያዘ።

ዶክተር፦ መያዙንማ ይይዛል። እኔ የማወራው ስለ መጠኑ ነው። ይሄ ባቡር ከእውነተኛው አርባ ስምንት ጊዜ ያነሰ ነው። መንጠቆው ግን የሸርጣን ጥፍር ያክላል። እውነተኛ ባቡር ላይ ቢሆን እኮ ወገብህ ድረስ ይደርስ ነበር!

ታናሽ፦ (አስቦ) ከባድ ነው ማለት ነው።

ዶክተር፦ አይ ወንድሜ! (ከትንሽ ፓኬት ውስጥ በወረንጦ አንድ ነገር ያወጣል) እየው፤ በልኩ የተሠራ መንጠቆ ማለት ይሄ ነው።

ታናሽ፦ የታለ?

ዶክተር፦ ወረንጦው ጫፍ ላይ!

ታናሽ፦ እሱ የወረንጦው ጫፍ መስሎኝ።

(ታናሽ የፈለገው ስለ መንጠቆ ማውራት አልነበረም። ያጫት ልጅ የሰርጉን ቀን ልትቆርጥ ነው፤ ግን «እኔ ከባቡር ሥር አልሞሸርም» ብላለች፤ እውነቷን ነው። ጠረጴዛው ከዚህ ክፍል ይውጣልኝ ብሎ ወንድሙን መጠየቅ አለበት። ከአባት የተረፈን ነገር «አንሣልኝ» ማለት ደግሞ ምላስ ያስራል። ከጠዋት ጀምሮ አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል።)

ታናሽ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ…

ዶክተር፦ ጠይቅ። ያልገባው ሰው መጠየቅ አለበት።

ታናሽ፦ ስለዚህ ክፍል…

ዶክተር፦ ስለ ክፍል አይደለም የያዝነው። ስለ ባቡሩ ጠይቅ።

ታናሽ፦ እውነተኛው ባቡር ስንት ሐዲድ አለው?

ዶክተር፦ ሁለት።

ታናሽ፦ የኛ ሦስት ነው።

ዶክተር፦ አውቃለሁ።

ታናሽ፦ መሐለኛውን ልንቀለው?

ዶክተር፦ እንዳትነካው! ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በሱ ነው።

ታናሽ፦ ግን ልክ አይደለም።

ዶክተር፦ ልክ አይደለም፤ ግን ያስፈልጋል።

ታናሽ፦ አሮጌው መንጠቆስ?

ዶክተር፦ እሱም ያስፈልግ ነበር፤ ግን ልክ አይደለም።

ታናሽ፦ ገባኝ።

ዶክተር፦ ምኑ ገባህ?

ታናሽ፦ ሐዲዱ ሲዋሽ ዝም እንለዋለን፤ መንጠቆው ሲዋሽ ግን ነቅለን እንጥለዋለን።

ዶክተር፦ (በኩራት) ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው።

(ይነቅል ጀመር። አንዱን በነቀለ ቁጥር ፉርጎውን «አይዞህ፣ አለቀ» ይለዋል፤ የሥራ ልማድ ነው። አዲሶቹን ከፉርጎዎቹ ሆድ ሥር በብሎን ያስራቸዋል። ታናሽ ባትሪ ይዞ ያበራለታል፤ አንዳንዴም አፉን ይከፍታል፤ ዶክተርም «ዝም በል፣ እጄን ታንቀጠቅጠዋለህ» ይለዋል። በመጨረሻ ዶክተር ራቅ ብሎ ቆሞ ሥራውን ያያል።)

ዶክተር፦ አሁን ባቡር መሰለ! ልቀቀው!

(ባቡሩ ይነሣል። ቀጥ ባለው ሐዲድ ላይ ሲሄድ ያምራል። ኩርባው ላይ ሲደርስ መሐለኛው ፉርጎ ይንጋደድና ይወድቃል። የቀሩትም ይከተሉታል።)

ታናሽ፦ ወደቀ።

ዶክተር፦ ገና እየለመደ ነው። መልሰው።

(ይመልሰዋል። ይነሣል፤ ይወድቃል።)

ታናሽ፦ ለምዷል ጋሼ። አሁን ፈጠን ብሎ ነው የወደቀው።

ዶክተር፦ አትቀልድ።

ታናሽ፦ ድሮ ግን አይወድቅም ነበር።

ዶክተር፦ ድሮማ መንጠቆው ኩርባ ላይ ከመንኮራኩሩ ጋር አብሮ ይታጠፍ ነበር። አዲሱ የታሰረው ከፉርጎው ሆድ ጋር ነው። ኩርባው ሲጠብ ጎረቤቱን እየጎተተ ይጥለዋል። ሳይንስ ነው!

ታናሽ፦ ታዲያ ጥፋቱ የመንጠቆው ነዋ።

ዶክተር፦ የመንጠቆው? እሱ በልኩ ነው የተሠራው! ጥፋቱ የኩርባው ነው።

ታናሽ፦ ኩርባውም አርባ ስምንት ጊዜ ነው ያነሰው?

(ዶክተር ሜትር ያነሣል፤ ይለካል፤ በጣቱ አየር ላይ ያሰላል፤ ፊቱ ይቀላል።)

ዶክተር፦ ጉድ ነው! እንደዚህ ኩርባ ከሆነ እውነተኛው ባቡር ሰው ግቢ ውስጥ ሊዞር ነው! ሰፊ ኩርባ ያስፈልገናል።

ታናሽ፦ ጠረጴዛው አለቀ።

ዶክተር፦ ይቀጠላል።

ታናሽ፦ ግድግዳው አለ።

ዶክተር፦ ይፈርሳል!

ታናሽ፦ ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን አሉ።

ዶክተር፦ ምን ይላሉ?

ታናሽ፦ ዳኛ ናቸው።

(የታናሽ ነገር ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ መልሶ ዋጠው። የወጣው ሌላ ነው።)

ታናሽ፦ ይቅርብን ጋሼ። አሮጌዎቹን እንመልሳቸው። እዚህ ቤት ውስጥ ለእንደዚህ ያለ ኩርባ የሚበቃ ክፍል የለም።

ዶክተር፦ የለም?

ታናሽ፦ የለም። ያንተም መኝታ ቤት አይበቃም።

ዶክተር፦ ማነው አይበቃም ያለው?

ታናሽ፦ እኔ።

ዶክተር፦ አንተ ስለ ስፋት ምን ታውቃለህ! (ሜትሩን ይዞ ሮጦ ይወጣል። ቁምሳጥን ሲገፋ ይሰማል። ላብ አጥምቆት ይመለሳል) ይበቃል! ተርፎም ይተርፋል!

ታናሽ፦ አልጋህስ?

ዶክተር፦ ከጠረጴዛው ሥር! አንተ ስትተኛ ኖረህ የለም እንዴ?

ታናሽ፦ እኔማ ለምጄዋለሁ። አንተ ግን ወገብህ…

ዶክተር፦ ለትክክለኛ ነገር ወገብም ይታመማል። በል ያንን ጫፍ ያዝ!

ታናሽ፦ ኧረ ጋሼ፣ በአባባ ሞት፣ ይቅርብህ…

ዶክተር፦ ያዝ አልኩህ!

(ያዘ። ጠረጴዛው በበሩ አልወጣ ብሎ ሲያስቸግር ታናሽ ጭራሽ ሳይጠየቅ እግሮቹን ፈታታቸው። ከሰዓት በኋላ ባቡሩ በሰፊው መኝታ ቤት፣ በሰፊው ኩርባ፣ አንድም ፉርጎ ሳይወድቅበት ሲዞር ዋለ። ከሥሩ ዶክተር በጀርባው ተጋድሟል። ቀና ለማለት ሞክሮ ግንባሩን ስለመታው አሁን የሚያወራው ጋደም እንዳለ ነው። ታናሽ በሩ ላይ ቆሟል።)

ዶክተር፦ አየህ? አንተን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይሄን ጊዜ በሸርጣን ጥፍር እንጫወት ነበር።

ታናሽ፦ እውነትህን ነው።

ዶክተር፦ ለመሆኑ ጠዋት ስለ ክፍሉ ምን ልትለኝ ነበር?

ታናሽ፦ ረሳሁት ጋሼ።

ዶክተር፦ አይ አንተ! አባባ እኮ «ይሄ ልጅ ነገር ሳይጠይቅ፣ ሳይናገር እንዴት ይኖር ይሆን?» እንዳለ ነው የሞተው።

ታናሽ፦ ያሳስባል።

(በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋዋል። ባዶው ክፍል መሐል ገብቶ እጆቹን ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ ምንም አይነካም። ስልኩን ያወጣል።)

ታናሽ፦ ሄሎ? አዎ፣ ጠረጴዛው ወጣ… ዛሬውኑ። ቀኑን ቁረጪው… አይ፣ ምን ያጣላናል? ኧረ እኔ እንዲያውም «ይቅርብህ» ብዬ ለምኜዋለሁ።