ባለ ሰባት እግሩ ምስጥ

በቤታችን ትልቁ ክፍል ጣሪያ ሥር ስለተመዘገበው ሳይንሳዊ ስኬት ከመናገሬ በፊት፣ ስኬቱ እንዲመዘገብ በእግር ጣታቸው በመራመድ፣ ባለማስነጠስና ድምፅ ባለማሰማት ለተባበሩ የቤተሰባችን አባላት በሙሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ራሴንም ጨምሮ።

ነገሩ የጀመረው በዱቄት ነው። ጣሪያውን ከተሸከመው አግዳሚ እንጨት ላይ ቡናማ ዱቄት ወደ አልጋው ይወርድ ጀመር። አልጋውን ያነጠፍኩት ለልጃችን ነበር። ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋ ስለተቃረበ እኛ ዘንድ ልትሰነብት ነው። እኔ ሁልጊዜ ክፉ ክፉው የሚታየኝ ሰው ነኝ ይሉኛል። እውነት ነው። ዱቄቱን ሳይ እንጨቱ ሲወርድ ታየኝ፤ ከእንጨቱ ሥር ልጄ፣ ከልጄ ጎን ደግሞ ገና ያልተወለደው ሕፃን።

«ምስጥ ነው» አልኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ባለቤቴ። «አልተረጋገጠም።»

ቤቱ የኛ አይደለም። የምንከራየው ከቤቶች አስተዳደር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር መምታት እንኳ ክልክል ነው። አመለከትን። ከአስተዳደሩ አንድ ባለሙያ መጣ፤ ቀና ብሎ አየና ከትከሻው ላይ ዱቄቱን አራገፈ።

«እናቴ፣ ማንነቱ ባልተረጋገጠ ተባይ ላይ እርምጃ አንወስድም። ግልጽ ፎቶ ያስፈልጋል። ከአንቴናው ጫፍ እስከ ጭራው።»

«ምስጥ መሆኑማ ይታያል እኮ ልጄ።»

«ለእርስዎ ይታያል። ለፋይሉ አይታይም።»

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ካሜራ ይነካካል። ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። በማግስቱ ካሜራው ላይ የሚገጠሙ ጥቁር ቀለበቶች የመሰሉ ነገሮች ይዞ ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማራዘሚያ ቱቦ። በካሜራውና በሌንሱ መሃል ይገባል።»

አንዱን አንስቼ በአንድ ዓይኔ አየሁበት። በወዲያኛው በኩል ባለቤቴ ቆሟል።

«መስታወት የለውም።»

«የለውም።»

«ውስጡ ባዶ ነው።»

«ባዶ መሆኑ ነው ሥራው» አለኝ በትዕግሥት። «ሌንሱን ከካሜራው ያርቀዋል። ያኔ ምስጡን አፍንጫው ድረስ ተጠግተሽ ታነሺዋለሽ።»

አልተከራከርኩም። ባዶ ነገር ትልቅ ቦታ ላይ ተመድቦ ሳይ የመጀመሪያዬ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ፎቶ ለአስተዳደሩ ሰዎች ወሰደላቸው። «ዓይኑ ቆንጆ ነው፤ ጭራውስ?» አሉት። ሁለተኛውን ወሰደ። «ጭራው ቆንጆ ነው፤ ጭንቅላቱ የት ሄደ?» አሉት። ሰው በጣም ከተጠጋ ጥርት ብሎ የሚታየው እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ፊትና ኋላ ያለው ሁሉ ጉም እንደሚሆን ባለቤቴ አስረዳኝ። መፍትሔውም ተገኘ። ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ እያስጠጉ ብዙ ፎቶ ማንሳት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ የጠራውን እየመረጠ ደራርቦ አንድ ሙሉ ምስጥ ያወጣል። ዳቦ ቆራርሶ መልሶ እንደመግጠም ማለት ነው።

ለዚህ ግን ምስጡም ቤቱም መንቀሳቀስ የለባቸውም። ስለዚህ መመሪያ ወጣ። በር ማጋጨት፣ ፈጥኖ መራመድ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስነሳት ተከለከለ። ማስነጠስ ላማረው ግቢው ክፍት ነው። መድኃኒት መርጨትማ ጨርሶ አይነሳም፤ የተመረዘ ምስጥ እግሩን ስለሚያጣጥፍ ለፎቶ አይሆንም። ምስጡን በተመለከተ ደግሞ፣ ሲበርደው ስለሚፈዝ፣ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ፍሪጅ እንዲገባ ተወሰነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምስጡን ከቅቤው ጎን ነው ያስቀመጥከው?»

«ክዳን አለው።»

«ማነው ክዳን ያለው?»

«ቅቤው።»

ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ አልጋው አሁንም እዚያው ነበር። ላውጣው ብል፣ አልጋ ሲጎተት ወለሉ ይንቀጠቀጣል ተባልኩ። ባለቤቴ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ጠብቄ፣ እኔ በአንድ በኩል ጎረቤቴ በሌላው ይዘን ወጥ ቤት አስገባነው።

«እማዬ፣ ምጣድና ድስት መሃል ልተኛ?»

«የወጥ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቢወድቅም ይቀላል።»

«አንቺ መቼም» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ይሄ እንጨት መቼ ነው የሚቀየረው?»

«ፎቶው እንዳለቀ።»

«ቀድሜ ብወልድስ?»

ባለቤቴ ከካሜራው ሳይነሳ አሰበበት። «ሕፃኑ ቀስ ብሎ ያልቅስ» አለ።

እንዳለችውም ቀድማ ወለደች፤ ሴት ልጅ። የልጅ ልጄ ከሆስፒታል ወጥታ ወጥ ቤት ገባች፤ በነቃች ቁጥር አፏ ላይ ጡት ይደፋባታል። ብዙም ሳይቆይ ፎቶው አለቀ። ባለቤቴ ጠርቶ አሳየኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፍየል የሚያህል ምስጥ ቆሟል። አንቴናው ጠርቷል፣ ጭራው ጠርቷል፣ የሆዱ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ፀጉሩን ትቼ እግሩን ቆጠርኩ።

«ሰባት እግር አለው።»

«ስድስት ነው ያለው።»

«እስቲ ቁጠር።»

ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። «መሃል ላይ ሲሞቀው አንድ እግሩን አንስቶ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «ኮምፒውተሩ ያነሳውንም ያላነሳውንም ሰጥቶታል።»

«ታዲያ ድገመዋ።»

«ልኬዋለሁ።»

ባለሙያው ስልክ ደወለ። ባለቤቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማኝ። ምስጥ ስድስት እግር እንዳለው በሚገባ ተጣርቷል፤ የተላከው ተባይ ሰባት ስላለው ምስጥ አይደለም፤ ምስጥ ስላልሆነ የምስጥ መድኃኒት አይረጭበትም። እስከ ዛሬ በየትም ያልታየ ፍጡር ሊሆን ስለሚችል መኖሪያው የሆነው አግዳሚ እንዳይነካ ታዟል። የአስተዳደሩ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ለባለቤቴ የምስጋና ወረቀት ይሰጣሉ።

ባለቤቴ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ምስጋና የሚለውን ሲሰማ ዘጋው።

«ንገራቸው እንጂ!»

«ደስታቸውን ላበላሽባቸው?»

በቀጠሮው ዕለት ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ክፍሉ መሃል አቆመው፤ አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ። እንግዶቹ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ከዚያ እንጨት ሥር ባትቆሙ ጥሩ ነው።»

«እናታችን ይጨነቃሉ» አለ ባለሙያው ለኃላፊው፣ እንደ ይቅርታ።

ኃላፊው ግን ኮታቸው ዱቄት እንዳይነካው ብለው ከደጃፉ ሆነው መናገርን መረጡ፤ ተከታዮቻቸውም ከእሳቸው ቀድመው መግባት አልደፈሩም። ንግግራቸው ውብ ነበር። አስተዳደሩ የተከራዮችን ችግር ከሩቅ ሳይሆን እጅግ ተጠግቶ እንደሚያይ፣ አንዲት ፀጉር እንኳ እንደማታመልጠው፣ ይህም ቤት ለሌሎች ቤቶች አርአያ እንደሚሆን ገለጹ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ ሞቅ አድርገው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ በር እንኳ ተጋጭቶ አያውቅም። አግዳሚው ጭብጨባውን አልቻለም። መሃሉ ላይ ተሰብሮ ካሜራው ላይ ወረደ፤ ጣሪያውም ተከተለው።

አቧራው ሲሰክን ሰው አልተጎዳም። ኃላፊው መኪናቸው ውስጥ ነበሩ። የልጅ ልጄ ከወጥ ቤት እሪ ትላለች፤ ቀስ በይ የሚላት ጠፋ። ባለቤቴ ተንበርክኮ በተሰበረው እንጨት ጫፍ አጮለቀ። እኔ በወዲያኛው ጫፍ ቆሜ ነበር፤ ዓይኑን አየሁት።

«ውስጡ ባዶ ነው» አለኝ።

«ባዶ መሆኑ ነው ሥራው» አልኩት።

ባለሙያው ፀጉሩን እያራገፈ መጣ። አዲስ እንጨት መቼ እንደሚገባ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ መውደቁን የሚያሳይ ግልጽ ፎቶ ያስፈልጋል። እስከዚያ ፍርስራሹ እንዳይነካ።»

«እዚሁ ቆመህ አይደለም እንዴ የወደቀው?»

«እኔማ አይቻለሁ እናቴ። ፋይሉ አላየም።»

ካሜራው ከእንጨቱ ሥር ነው። እንጨቱ የሚነሳው ፎቶ ሲመጣ ነው። ሁለቱን ወንዶች እዚያው ሲመካከሩ ትቻቸው ወጥ ቤት ገባሁ። ልጄ ሕፃኗን አቅፋ ቀና ብላ የቆርቆሮውን ማገር ታያለች። ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ወደ ሕፃኗ አንገት ይጓዛል።

በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኩት። እግሩን አልቆጠርኩም።