«ገና፣ ገና ነው!» ባይዋ እሜቴ ሉርዳማል

በዓል ባለበት አገር ሁሉ ቀኑን የሚጠብቅ አንድ ዘበኛ አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለው። ሥራው ሰው ያለ ቀኑ ደስ እንዳይለው መከልከል ነው። በሕንድ አገር፣ በኬረላ ደቡብ ዳርቻ ባለችው በእኛ የአሣ አጥማጆች መንደር ይህን ሹመት የያዙት ክብርት እሜቴ ሉርዳማል ናቸው።

እሜቴ አሣ ሻጭ ናቸው። ጠዋት ሳፋ ሙሉ አሣ ተሸክመው ሦስት መንደር ያዳርሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ እኛን ያስጨንቃሉ። ከገና በፊት ባሉት አራት የጥበቃ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በየእሑዱ አንድ ሻማ ይጨመራል። አራተኛው ሳይበራ መዝሙር ያንጎራጎረ፣ ኬክ የቀመሰ፣ በረንዳው ላይ የወረቀት ኮከብ የሰቀለ ወዮለት! እሜቴ በጃንጥላቸው እጀታ ኮከቡን ጎትተው ያወርዱና «ገና፣ ገና ነው!» ይላሉ። ሌላ ስብከት የላቸውም።

እኔ ደግሞ አስተማሪና የወጣት መዘምራን መሪ ነኝ። መዝሙር በአንድ ቀን አይጠናም። ይህን ለእሜቴ ማስረዳት ግን ለማዕበል ፊደል ማስቆጠር ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳለን በሩን በርግደው ገቡ።

«አንተ አስተማሪ፣ ማን ተወለደ ብለህ ነው የምትጮኸው?»

«እየተለማመድን ነው፣ እሜቴ።»

«እናቱ ገና መንገድ ላይ ናት! አህያ ላይ ባለች ነፍሰ ጡር ጆሮ ላይ ትጮሃለህ? ነውር አታውቅም?»

መዘምራኑ በሳቅ ፈረሱ፤ ልምምዱም እዚያው አበቃ። እሜቴ ይባስ ብለው ግርግሙ ውስጥ የሚተኛውን የሕፃኑን ምስል ማንም እንዳይቀድማቸው በጨርቅ ጠቅልለው ቤታቸው የሩዝ ዕቃ ውስጥ ከደኑት። አዲሱ ቄስ ራሳቸው ሄደው ቢለምኑ «አባ፣ ሳይወለድ አይተኛም» ብለው በሻይ ሸኟቸው። እኔማ አንጀቴ አርሮ ነበር።

ያ ዓመት መጣ። የመጀመሪያው ሻማ በበራ ማግስት ማንም ያልጠበቀው ማዕበል ተነሣ። ታላቅ ወንድሜ ክሊተስ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ባሕር ላይ ነበር። ሌሎቹ ጀልባዎች አንድ በአንድ ተመለሱ፤ የእነሱ ቀረ።

በስምንተኛው ቀን ዘመዶቻችን ተስፋ ቆረጡ። በራችን ላይ ጥቁር ባንዲራ ተሰቀለ። አጎቴ የክሊተስን ፎቶ አሳድጎ፣ ለሙት እንደሚደረገው አበባ አጥልቆበት መጣ። የወንድሜ ሚስት ብሪጂታ ወለሉ ላይ ተዘርራ ቀረች። የፍትሐቱ ቀን ሊቆረጥ ሲል እሜቴ ሉርዳማል ሳፋቸውን እንደተሸከሙ ደረሱ።

«ማን ሞተ?»

ሳፋውን አስቀመጡና ባንዲራውን በጃንጥላቸው ጎትተው አወረዱት። አበባውንም ከፎቶው ላይ ገፈፉት።

«ሬሳ አይታችኋል? ታዲያ ለመቅበር ምን አስቸኮላችሁ? ገና ነው!»

ደሜ ፈላ። «ደስታችንን መከልከልዎ አንሶ ሐዘናችንንም? የጠፋው የእርስዎ ወንድም ነው?» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

የጃንጥላውን ምት እየጠበቅሁ ሳለ ስልኬን ከሸሚዝ ኪሴ መዝዘው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ለጩኸት ጉልበት ካለህ ለስልክም አታጣም። ከዚህ እስከ ሰሜን ያለውን ወደብ ሁሉ ደውል። ዛሬ የለም ቢሉህ ነገም ደውል። አንቺም ተነሺ ልጄ፣ ልጆችሽ አልበሉም።»

ደወልኩ። በተስፋ እንዳይመስላችሁ፤ በእልህ ነው፤ መሳሳታቸውን ላሳያቸው። እሜቴ በየጠዋቱ ከገበያ በፊት ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ብሪጂታን የሩዝ አጥሚት በግድ ያጠጧታል።

«ደወልክ?»

«ደወልኩ። የሉም።»

«እንግዲያው ገና ነው።»

ማነቅ አማረኝ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከሩቅ ሰሜን ወደብ የመለሰልኝ ሰው «እስቲ ስሞቹን ድገምልኝ» አለ። የጭነት መርከብ፣ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተጣብቀው ያገኛቸው ሰዎች ሆስፒታል ነበሩ፤ አፍ አውጥተው ስማቸውን የተናገሩት ገና በዚያን ቀን ነው። ክሊተስ አለ! ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

እሜቴ ግን አልጮኹም። «ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«አራት።»

«የጎደለው ማን ነው?»

«አምብሮስ። ባሕሩ ሲወስደው በዓይናቸው አይተዋል።»

እሜቴ ተነሥተው ወደ አምብሮስ እናት ሄዱ። እዚያም «ገና ነው» ይላሉ ብዬ እየፈራሁ ተከተልኳቸው። አላሉም። እናትየውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ከሁላችን በላይ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ሦስት ቀን ከዚያ ቤት አልወጡም፣ አሣም አልሸጡም።

ክሊተስ የገባው ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረፋዱ ላይ ነው። መንደሩ ከበሮ ይዞ ሊቀበለው ወጣ። እኔ ቀድሜ ቤት ስደርስ እሜቴ ሉርዳማል ደጃፋችን ላይ ግድግዳ ተደግፈው እንቅልፍ ጥሏቸዋል። አፋቸው ተከፍቷል፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል። ይህን ያህል ትንሽ ሴት መሆናቸውን እስከዚያን ቀን አላስተዋልኩም ነበር። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ እንዳያርፍ ቆሜ ጋረድኳቸው።

ከበሮው ቀረበ። እኔም እጄን ዘርግቼ «ዝም በሉ እንጂ! ሰው ተኝቷል፣ አታዩም?» ብዬ ሰዉ ላይ አፈጠጥኩ። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ አስቀረ።

ከባሕር የተረፈው ወንድሜም ወደ ገዛ ቤቱ በእግሩ ጣት እየረገጠ ገባ።