የሁለተኛ ሰው ግብር

ትናንት ማታ እንቅልፍ እንደወሰደኝ መኪኖች ሰው የሚገዙበት ገበያ ውስጥ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። እኛ ሰዎች ተደርድረናል። መኪኖቹ በመካከላችን ቀስ ብለው እያለፉ ያገላብጡናል። እስከ ምሽት ያልተሸጠ ሰው ለመለዋወጫ እንደሚፈታ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አንዲት ፒክአፕ መብራቷን ዓይኔ ላይ አበራችብኝ።

«ይሄ ከውጭ የገባ ነው?»

«አዎ፣ እዚያው ተምሮ ነው የመጣው» አለ ደላላው። ደላላው አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበር።

«ታዲያ ምነው ያመነታል?»

«መንገዱን ሁሉ ሁለት ሁለቴ ይጠይቃል እንጂ ጤነኛ ነው።»

ጥላኝ ሄደች። ከኋላዋ አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና እያሳላት መጣች። ቀድማ የገዛቻት እናቴ ውስጧ ተቀምጣለች። «እሱ ነው፣ ልጄ እሱ ነው» አለቻት እናቴ፣ በመስኮት እየጠቆመችኝ። መኪናዋም ዋጋ ሳትከራከር ገዛችኝ።

ወዲያው ግብር ቢሮ ደረስን። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ባጃጅ ነበር።

«እትዬ፣ ለመጀመሪያ ሰውዎ የዋጋዋን ሩብ ግብር ከፍለዋል» አላት። «ለሁለተኛው ሙሉ ዋጋውን ያህል ይከፍላሉ። ለሦስተኛው እጥፍ ነው። ሰው ማብዛት ቅንጦት ነው።»

«ለቅንጦት አይደለም ልጄ። እናትና ልጅ ናቸው» አለች መኪናዋ።

«ሲስተሙ እናት የሚል አይቀበልም።»

በዚህ መሃል አንድ ትልቅ ጥቁር መኪና ሰልፉን ጥሶ ገባ። ውስጡ ሰው ሞልቶ የተረፈው ጣሪያው ላይ ታስሯል። ባጃጁ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ጌታው፣ በዚህ በኩል። ሁለተኛ ሰው አለዎት?»

«የለኝም። ይሄ በወንድሜ ስም ነው፣ ያቺ በዘበኛዬ፣ እነዚያ ጣሪያው ላይ የታሰሩት በሟች አክስቴ።»

«ሁሉም የመጀመሪያ ናቸው ማለት ነው» አለና ግንባራቸው ላይ ማኅተም መታላቸው።

ደሜ ፈላ። «ይሄ ግፍ ነው» አልኩ። «እኔ በተማርኩበት አገር እኮ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። እዚያ ሕጉ የተሻለ ይሁን፣ ወይስ እኔ እዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለማላውቅ መስሎኝ ይሁን፣ እርግጠኛ አልሆን አልኩ።

«የተገዛ ሰው አይናገርም» አለኝ ባጃጁ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎም ስም የሚያውስ ዘመድ ይፈልጉ።»

«ዘመዶቼ ሁሉ ተፈተዋል» አለች።

እናቴ በሩን ከፍታ ወረደች። «እሱን ያዢው እህቴ። እኔ እንደሆን ብዙ ተነድቻለሁ» ብላ ሰው ወደሚፈታበት ሰፈር መራመድ ጀመረች። ልከተላት ሮጥኩ። እግሮቼ ጭቃ እንደያዘው ጎማ ባሉበት ይሽከረከራሉ። ስሟን ልጠራ አፌን ስከፍት ትከሻዬን የሚነቀንቀኝ እጅ ተሰማኝ።

እናቴ ነበረች። ነጠላዋን ለብሳ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች።

«ተነስ፣ ቀበሌ አብረኸኝ ሂድ። ከድጎማ ዘይቱ ሰርዘውኛል።»

«ለምን?»

«መኪና አለሽ አሉኝ።»

ሳቅኩ። እናቴ ብስክሌት እንኳ ኖሯት አያውቅም።

«አትሳቅ፣ አለኝ እኮ። የአጎትህ የተካልኝ ሁለተኛዋ መኪና በእኔ ስም ናት። በራሱ ስም ቢያደርጋት ግብሩ ይከመርበት ነበር።»

«አንቺስ ለምን እሺ አልሽ?»

«ወንድሜ ነዋ። ሦስተኛዋን ደግሞ በአንተ ስም ሊያደርግልህ ነው።»

«መታወቂያዬን አልሰጠውም።»

«እሱማ ትናንት ማታ መጥቶ ወስዶታል፣ ተኝተህ ነበር። በል ተነስ፣ የታክሲው ሰልፍ ሳይረዝም እንውጣ።»