የእማማ አስካለ ግማሽ ፊት

ሰው ሆኖ አንድ ልክፍት የሌለበት የለም። አንዱ ሙግት ይወዳል፤ የሸዋ ሰው ከሆነማ ድንበሩ ባይገፋም «ሊገፋ ይችላል» ብሎ ይከሳል። ሌላው ያልተጠራበት ሽምግልና ላይ መቀመጥ ይወዳል። የኔ ግን ከሁሉም ያሳፍራል። እግዜር ሁለት ዐይን አሟልቶ ሰጥቶኝ ሳለ፣ አንዱን ጨፍኜ ዓለምን በቀዳዳ ማየት ነው የምወደው። ፎቶግራፍ አነሳለሁ ማለቴ ነው። «አነሳለሁ» ስል ደግሞ በልኩ ውሰዱልኝ። እኔ የማነሳው ካሜራውን ነው፤ ፎቶው የሚነሳው ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ልክፍቱ የያዘኝ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ተወልጄ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን አስተምር ነበር። አብሮኝ ያስተምር የነበረ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንቱ ድረስ ገባበትና ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሳ፣ የማይሸከመውን ሁሉ ለኛ አከፋፈለን። አንዱ ብስክሌቱን ወሰደ፤ ሌላው ጃንጥላውን። ለኔ ካሜራው ደረሰኝ፤ ከካሜራው ጋርም አንድ የፎቶግራፍ መጽሔት ተመረቀልኝ። ጥፋት የመጣው ከካሜራው አይደለም፤ ከመጽሔቱ ነው። በየገጹ ግማሽ ፊታቸው በብርሃን የታጠበ፣ ግማሹ በጨለማ የተዋጠ ሰዎች ነበሩበት። እንግሊዝኛው እምብዛም አልገባኝም፤ ሥዕሎቹ ግን የገቡኝ መሰለኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ጠመጠምኩ።

በዓመቱ ወደ አንኮበር ተዛወርኩና ጎረቤላ ላይ ቤት ተከራየሁ። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሳ ሰው ምን እንደሚፈልግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሙሉ ቁመት፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ፊት ኮስተር። ራዲዮ ያለው ራዲዮውን ከጎኑ ያስቀምጣል፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል። «እግሬን እንዳትቆርጠኝ!» ነው የሁሉም አደራ። እኔ ግን ሠዓሊ ነኝ ብያለሁና እግር ምኔም አልነበር። ጉም አነሳለሁ! የአንኮበር ጉም ከቆላው ተነስቶ ገደሉን እየተንፏቀቀ ሲወጣ፣ እኔ ከገደሉ አፋፍ ላይ በሆዴ ተኝቼ እጠብቀዋለሁ። አንድ ፊልም ሙሉ ጉም አንስቼ አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ሰደድኩና በሦስት ሳምንቱ ታጥቦ መጣልኝ። ደስታዬን ለብቻዬ አልችለው ብዬ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ አሳየሁት። አገላብጦ አየና በአክብሮት መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ይኼ ወረቀት ገና አልተጻፈበትም።»

ጎረቤቶቼ የደብሩ መሪጌታ ጥበቡና ባለቤታቸው እማማ አስካለ ነበሩ። መሪጌታ ድምፃቸው መቅደስ የሚያናጋ፣ ከትከሻቸው ላይ ጥቁር በርኖስ የማትለይ፣ ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው ናቸው። እማማ አስካለ ደግሞ ዝም ብለው የሚያሸንፉ ሴት። ሁለቱም የማያነሱት አንድ ስም በመካከላቸው ነበረ፤ ጥሩወርቅ። አንዲት ልጃቸው ናት። አባቷ ለአንድ ዲያቆን አጭተዋት ሳለ፣ የአንድ ጭነት መኪና ሾፌር ወደዳት፤ እሷም ወደደችው፤ አንድ ማለዳ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋ ሄደች። መሪጌታ ያን ለት በታቦቱ ፊት ማሉ፤ ከእንግዲህ ለሷ ላይጽፉላት፣ ከቤታቸውም ቃል ላይወጣላት። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና «ካልተጠራሁ አልመጣም» አለች። እንዲህ ተፋጠው ዘጠኝ ዓመት ሞላቸው።

አንድ ቀን እማማ አስካለ ደጄ መጥተው ቆሙ።

«አንተ ልጄ፣ ያ የጉም ማጥመጃህ ሰውም ይይዛል?»

«ይይዛል እንጂ፣ እማማ።»

«እንግዲያ እኔን ያዘኝና ለልጄ እልከዋለሁ። እያረጀሁ ነው። መልኬ ሳይጠፋ ትየኝ።»

እኔ መሐላውን አውቃለሁና መሪጌታን ፈራሁ። ሄጄ ጠየቅኋቸው። ዳዊታቸውን ሳያጥፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ የማልኩት እንዳልጽፍላት፣ ቃልም እንዳልልክባት ነው። ስለ ፎቶግራፍ የማልኩት የለም። ስምል ፎቶግራፍ የሚባል ነገር በሐሳቤም አልነበረ።» ዐይናቸውን ወደ መጽሐፉ መለሱ። «ነገር ግን አንዲት ፊደል አብራ እንዳትሄድ!»

ትርጓሜ የተማረ ሰው መሐላ ሲተረጉም እንዲህ ነው።

በማግሥቱ እማማ አስካለ ታጥበው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ያልተነካች ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። ከደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ያን ጊዜ አንዴ ቀጭ አድርጌ ብመለስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ! ግን መጽሔቱ ትዝ አለኝ። ወደ ቤት አስገባኋቸውና አንዲቷ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳቸው። በሩን በባና ብርድ ልብስ ጋረድኩት። መሪጌታ ከውጭ ሆነው «ሚስቴን በጨለማ ምን ልታረጋት ነው?» ሲሉ ይሰማኛል። «ጥላና ብርሃን ነው፣ የኔታ!» አልኩ፤ እንኳን ጥላውን ብርሃኑንም በቅጡ ሳላውቀው።

«ወደኔ አይዩ፣ እማማ። ወደ መስኮቱ ይዩ። የሚወዱትን ነገር ያስቡ።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። መጀመሪያ ፊታቸው ላይ አፍረት ነበረ፤ ቀስ እያለ ለቀቃቸው። ከአንደኛው ዐይናቸው አንዲት ዘለላ ወርዳ ጉንጫቸው ላይ ቆመች። እኔ እንደ ሰው «አይዞዎት» ማለት ሲገባኝ፣ እንደ ሠዓሊ ትንፋሼን ዋጥኩና ካሜራውን ተጫንኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ደቂቃ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እስከ ዛሬም ትንሽ ያሳፍረኛል።

«ጨረስክ?» አሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን እየጠረጉ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከመጽሔቱ ተቀዶ የወጣ ነበር የሚመስለው! ግራ ፊታቸው በርቷል፤ እንባዋ ታበራለች። ቀኝ ፊታቸው የለም፤ ጨለማ በልቶታል። በኩራት ለመሪጌታ ሰጠኋቸው። አዩት። ገልብጠው ጀርባውን አዩት።

«ግማሿስ?»

ስለ ጥላና ብርሃን ረጅም ንግግር አደረግሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ስማ፣ አስተማሪ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሲሣል ሁለት ዐይኑ ይታያል። አንድ ዐይኑ ብቻ የሚታየው ማን ነው?»

ጣታቸውን ፎቶው ላይ ጫኑ።

«ይሁዳ ነው። ሰይጣንም ነው። አብራኝ የቆረበችውን ሚስቴን ከማን ጋር እንዳስቀመጥካት አየህ?»

ሌላ ላንሳ ብል ፊልሜ አልቋል፤ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። እማማ አስካለ ግን ፎቶውን ከባላቸው እጅ ወሰዱና ብዙ አዩት።

«ይሂድ» አሉ። «ግማሹም እኔው ነኝ። ሙሉውን ካማራት ትምጣ።»

አድራሻውን ከነጋዴ ሰምተው እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውት ኖሯል፤ ደሴ፣ የባሏ መሥሪያ ቤት የፖስታ ሣጥን፣ ከነቁጥሩ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ ፖስታ ቤት ልከተው ስል፣ የፎቶው ጀርባ ባዶ መሆኑ ከነከነኝ። ፎቶ ያለ ጽሕፈት ይላካል እንዴ? የማሉት መሪጌታ ናቸው፤ እኔ አልማልኩም። (ትርጓሜ ተላላፊ ነው።) ብዕሬን አወጣሁና፣ ባገሩ ልማድ መሠረት፣ በተዋበ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ከእናትሽ ከወይዘሮ አስካለ። ለዘላለም መታሰቢያ ይሁንሽ።»

ዳር ዳሩንም በጥቁር ቀለም በሐረግ አስጌጥኩት። አምሮ ነበር። አሸግሁና ከተትኩት።

እንግዲህ እናንተ በጥሩወርቅ ቦታ ሁኑ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤታችሁ ትንፍሽ ያለ የለም። አንድ ቀን ፖስታ ይመጣል። ደብዳቤ የለውም። የእናታችሁ ፊት እኩሌታው ጠፍቶ፣ በቀረው ላይ እንባ ቆሞበታል። ስትገለብጡት በጥቁር ሐረግ የተከበበ «ለዘላለም መታሰቢያ» ታነባላችሁ። ምን ታደርጋላችሁ?

እሷም ያንኑ አደረገች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ፣ ከመንደሩ ጫፍ አንድ ጭነት መኪና ሲቆም፣ ወዲያውም ታላቅ ለቅሶ ሲፈነዳ ሰማሁ። በመንገድ ያገኘቻቸውን ዘመዶች ሁሉ አሳፍራ ነው የመጣችው። በኛ አገር ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ጎረቤላ ነቅሎ ወጣ። እኔም ወጣሁ። እማማ አስካለም የለቅሶ ሰው ናቸውና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። መሬት ላይ ተደፍታ ፊቷን በጥቁር ነጠላ ሸፍና የምትጮኸውን ሴት ትከሻዋን ያዙ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ! ማን ሞቶብሽ ነው?»

«እናቴ! እናቴን!»

«ወይኔ! የናትስ ነገር!» እማማ አስካለ አብረዋት ተንሰቀሰቁ። «መቼ ዐረፉ?»

ሴቲቱ ለቅሶዋን አቋረጠች። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ነጠላውን ከፊቷ ገለጠችና ቀና አለች። እናቷ ሙሉ ፊታቸውን ይዘው፣ በሁለት ዐይናቸው ያለቅሱላታል።

ለቀስተኛው አንድ ባንድ ዝም አለ። እናትና ልጅ እንደ ተፋጠጡ ቆዩ። መጀመሪያ የተናገሩት እማማ አስካለ ናቸው፤ በጣም ቀስ ብለው።

«እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?»

ከዚያ የሆነውን ልነግራችሁ አልችልም፤ ስላላየሁት። እኔም ፊቴን ሸፍኜ ነበር። ቀና ስል መሪጌታ ጥበቡ በርኖሳቸውን ደርበው ከቤታቸው ደጅ ቆመዋል። መንደሩ ሁሉ እሳቸውን ያያል። ጥሩወርቅ ከእናቷ እቅፍ ወጥታ ከእግራቸው ሥር ወደቀች። መሪጌታ ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«አልጠራኋትም» አሉ፤ ለኛ አልነበረም። «አልጻፍኩላትም፤ ቃልም አልላክሁባት። አንተው ታውቃለህ።» ከዚያ ጎንበስ ብለው በክንዷ አነሷት። ያ መቅደስ የሚያናጋ ድምፃቸው ሊወጣ አልቻለም። «ግቢ። ብርድ ነው።»

ሾፌሩ ከመኪናው አጠገብ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ትከሻው ላይ አስተኝቶ፣ መቅረብም መሄድም አቅቶት ቆሟል። መሪጌታ አዩት። ልጅቷንም አዩ።

«ያንንም ሰውዬ ንገሩት» አሉ ፊታቸውን አዙረው፤ «ሕፃን ይዞ ነፋስ ላይ አይቆምም።»

የኔ ፍርድ በማግሥቱ ሆነ። ጥሩወርቅ ፎቶውን ከጉያዋ አውጥታ፣ ጀርባውን ወደኔ አዞረች።

«ይቺን ሐረግ የሣልካት አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«እጅህን ይ...» አለችና አልጨረሰችውም። እጄን ያዘችና ሳመችው። ከመሳሟ በፊት ግን በደንብ ጠመዘዘችው። አንጓዬ ሦስት ቀን አሞኛል።

መሪጌታ ምንም አላሉኝም። አንድ የጠየቁኝ ነገር ቢኖር፣ ፊልሙ ሲመጣ ሁሉንም ባንድ ላይ እንዳነሳቸው ነው። ፊልሙ እስኪመጣ ሾፌሩ ለሥራ ደሴ ደርሶ ተመለሰ፤ ጥሩወርቅ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከደጅ፣ ቀትር ላይ፣ ተሰልፈው ቆሙ፤ ሁሉም ፊት ለፊት፣ ሁሉም በሁለት ዐይኑ። እማማ አስካለ በጣታቸው አስጠነቀቁኝ።

«ሁለተኛ እንዳታሳምረኝ!»

አላሳመርኩም። እንዲያውም እግራቸውን ሁሉ ላስገባ ስጨነቅ የመሪጌታን ጥምጥም ከላይ ቆረጥኩት። ፎቶው ሲደርሳቸው መሪጌታ አይተው፣ «ዐይኔ ሁለት ነው፤ ይበቃል» አሉና ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ዝናዬ ወጣ። ደብረ ብርሃን ድረስ፣ እነዋሪ ድረስ ወሬዬ ደረሰ አሉ። ለሠዓሊነቴ ግን እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን የማላውቃቸው፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ግማሽ ቀን ተጉዘው መጥተው ቤቴን አንኳኩ። ልጃቸው አሰብ ወደብ ለሥራ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰላምታ እንጂ ራሱ አይመጣም።

«እንደ ጥሩወርቅ እናት አድርገህ አንሳኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ያ እኮ ስሕተት ነበር።»

«እኔም የመጣሁት ስሕተቱን ብዬ ነው።»

ክብሬ ተነካ። ተናደድኩም። ከዚያ ፊታቸውን አየሁትና ካሜራዬን አወጣሁ። መስኮቱ አጠገብ ካስቀመጥኳቸው በኋላ፣ እንደ ልብስ ሰፊ በትሕትና ጠየቅኋቸው።

«የቱን ጎን ላጨልምልዎት? ግራውን ነው ቀኙን?»

ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«የኔ ልጅ ልቡ ደረቅ ነው» አሉ። «ሁለቱንም አጨልምልኝ።»