የጋሽ ወልዴ በረንዳ መከለያ

ጡረታ የወጣ የቢሮ ኃላፊ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? እኛ ቦንጋ ላይ ጋሽ ወልዴ አሉን። አማቻቸው በረንዳው ላይ ተንሸራተው ጭቃ ውስጥ ከወደቁ ወዲህ፣ የብረት መከለያ ይሠራ ወይስ ይቅር በሚል አጀንዳ ጎረቤቱን ሁሉ በስብሰባ ጠመዱን። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነኝ። የቦንጋ ዝናብ መች ያባራል? በረንዳው ጠርዝ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን፣ የተቀቀለ በቆሎ እየበላን ስንከራከር ሦስተኛ ሳምንታችን ነው።

ትናንት «ይሠራ» ብለን ልናጸድቅ እጃችንን ስናወጣ፣ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር በቆሎ ይዘው ብቅ አሉ።

«ብረቱ ከቆመ እናንተ የት ልትቀመጡ ነው?»

ሁላችንም የተንጠለጠለ እግራችንን አየን። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል።»

በሙሉ ድምፅ አጸደቅን። ጥናቱም ነገ እዚያው ጠርዝ ላይ ይጀመራል።