ተጠቅልሎ የተመለሰው ሜዳ

ትናንት ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ዓለም ተገልብጣ በሕልሜ አየኋት። የተኛሁት በእድራችን እቃ ቤት፣ በታጠፈው ድንኳን ላይ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ጠዋት አርፈዋል። እኔ ዘርጋው ደግሞ የእድሩ ዳኛ ነኝና ድንኳኑን ሳይመሽ ማስተከል አለብኝ። የት? ሠላሳ ዓመት ስንተክልበት የኖርነው የሰፈር ሜዳ ለባለሀብት ተሽጦ በቆርቆሮ ታጥሯል። መንገዳችን እንደሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስጨነቅ ነው እንቅልፍ የጣለኝ።

በሕልሜ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ባለሀብቶች ሱፋቸውን ግጥም አድርገው እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ተሰልፈዋል። ሁሉም የገዙትን ተሸክመው መጥተዋል። አንዱ የሰፈሩን ቦኖ ውኃው እየተንጠባጠበ በትከሻው ይዞታል። ሌላው የወጣቶችን ቤተ መጻሕፍት አዝሏል። ሦስተኛው ሜዳችንን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦታል።

"ጌታዬ፣ እባክዎ ይረከቡኝ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ" አለኝ።

"ማመልከቻ አለህ?"

"አለኝ።"

"ፎቶ ኮፒውስ?"

ፎቶ ኮፒ አልነበረውም። አሳዘነኝ፤ ግን ደስም አለኝ፣ አልዋሽም። "ነገ ና፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" አልኩት።

ወዲያው እኔም ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ኃላፊው ሜዳው ላይ ይግጥ የነበረው ቀንደ ሰባራ በሬ ነው። ክራቫት አስሯል። ባለሀብቶቹ ከታች አግዳሚ ላይ ተጣበው ማስታወሻ ይይዛሉ። እኛ የሰፈሩ ሰዎች መድረክ ላይ ነን፤ የታሸገ ውኃ ሁሉ ቀርቦልናል።

"ይህ ሜዳ ምን ይሠራበታል?" ሲል በሬው ጠየቀ።

ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ሜዳው ከመሸጡ በፊት በእውንም ተጠይቀን ነበር። አንዱ ኳስ አለ፣ አንዷ ልብስ ማስጫ አለች። ለቅሶ ያለ ግን አልነበረም። በልማት ስብሰባ ላይ ሞት ማንሳት ሟርት ነው ብለን ተያየንና ዝም አልን። እኔ የእድሩ ዳኛ ይባስ ብዬ አጨበጨብኩ። ኳሱን ሌላ ቦታ ትጫወታላችሁ ተባልን፤ አለቀ።

በሕልሜ ግን ብድግ ብዬ "ይለቀስበታል!" ስል ጮህኩ። ባለሀብቶቹ እልል አሉ። በሬው ማኅተሙን በሰኮናው መታልን።

ሜዳው ተዘረጋ። የካስማዎቻችን ቀዳዳ እንኳ እንደነበረ ነው። ድንኳኑ በእግሩ ሄዶ መካከሉ ላይ ቆመ። በሩ ላይ ራሳቸው እትዬ ደብሪቱ ለቀስተኛውን ንፍሮ ያድላሉ፤ በጣም የተከፋውን አይዞህ ይላሉ።

"ዘርጋው" አሉኝ፣ "ያን ጊዜ ለምን ዝም አልክ?"

"ሟርት እንዳይሆን ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ይኸው ዝም ብለህልኝም ሞትኩ።"

አፈርኩ። የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን ንፍሮ ዘገን አድርገው እጄ ላይ ጨመሩልኝና "በል፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ካስማውን ምታው" አሉ። እንደዚያን ሰዓት ሰውን አመስግኜ አላውቅም። እያለቀስኩ መታሁ። ጓ! ጓ! ጓ!

ነቃሁ። ጓጓታው ግን አላቆመም። የሚመጣው ከኔ ግቢ ነው። ሮጬ ስደርስ ጎረቤቴ ሻምበል በዳዳ በእኔና በእሱ መካከል ያለውን የቆርቆሮ አጥር በመዶሻ እያፈረሰ ነው። በዚያ አጥር የተነሳ፣ ለግማሽ ሜትር ድንበር ተካስሰን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሰላም አልተባባልንም። ከወዲያ በኩል የእትዬ ደብሪቱ ልጆች የራሳቸውን አጥር ይነቅላሉ። ሦስቱ ግቢ ሲገጥም ለድንኳን የሚበቃ ቦታ ወጥቶታል።

"እግዜር ይስጥህ፣ ሻምበል" አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። "ከሰልስት በኋላ መልሼ አጥረዋለሁ" አለ።

"አትቸኩል" አልኩትና የቆርቆሮውን ሌላኛ ጫፍ ያዝኩለት።