ቅቤ የጠጣው ጥይት ማፍሰሻ

ቅናት ዓይነት ዓይነት አለው። ሰው በጎረቤቱ በቅሎ ይቀናል፤ በጎረቤቱ የቆርቆሮ ቤት ይቀናል፤ የባሰበት በጎረቤቱ ሚስት ይቀናል። እነዚህ የታወቁ፣ የተከበሩ፣ ለንስሐ አባት ቢነገሩ እንኳ ማንንም የማያስደነግጡ ቅናቶች ናቸው። እኔ ግን ጎረቤቴ ብረቱ ስላልዛገ ቀንቻለሁ። ለንስሐ አባቴ ይህንኑ ብነግራቸው «ምን አልከኝ ልጄ?» ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ለእንዲህ ያለው ኃጢአት ስንት ስግደት እንደሚታዘዝ ግራ ቢገባቸው በመስቀላቸው ባርከው አሰናበቱኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከወልቂጤ ተዛውሬ ቡታጅራ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አባቴ ባላምባራስ መንዝ ነው የሚኖሩት። እኔ በኩር ልጃቸው ስለሆንኩ ከሀገር ስወጣ የቤታችንን ትልቅ ቅርስ በእጄ አስረክበውኛል፤ ጥይት ማፍሰሻ። አይታችሁ ለማታውቁ ላስረዳ። እንደ ጉጠት ሁለት እጀታ ያለው ብረት ነው። ሲዘጋ ሆዱ ውስጥ የጥይት ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ አለ። የቀለጠ እርሳስ በቀዳዳው ታፈሳላችሁ፣ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ፣ ትከፍቱታላችሁ፣ ጥይቱ ጠብ ይላል። አያቴ ለውጅግራ ጠመንጃቸው ጥይት የሚያወጡበት እሱ ነበር።

በጥይቱ ማንን ጣሉበት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ይህ ጥያቄ ሲነሣ ቤተሰባችን በሙሉ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። እኔ እስከማውቀው ድረስ በእርግጠኝነት የወደቁት አንድ ጃርትና የአጎቴ የጠላ ጋን ናቸው። ውጅግራውም ከቤታችን ከወጣ ዘመን የለውም። እርሳስም የለንም። ማፍሰሻው ግን አለ! ማፍሰሻውን የያዘ ልጅ በአባቴ ዐይን የቤቱ አለኝታ ነው፤ ያልያዘው ደግሞ እንደ ታናሽ ወንድሜ ዕድሜ ልኩን በሬ ሲጠምድላቸው፣ እህል ሲያስገባላቸው፣ ሲታመሙ ሲያስታምማቸው ቢኖርም «ያ ትንሹ» ነው። ፍርዱ ትክክል ነው አልልም። ግን እኔን ስለጠቀመኝ ተቃውሜ አላውቅም።

ታዲያ በሰኔ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። አባቴ ደብዳቤ ሲያጽፉ እንደ አዋጅ ነው። «ከመስቀል ማግሥት እመጣለሁ። ማፍሰሻውን አያለሁ። ዝጎ ካገኘሁት ለወንድምህ ይዤለት እመለሳለሁ። ለአስካለ ሰላምታዬን ንገርልኝ» ይላል። አስካለ ባለቤቴ ናት። ሰላምታውን ሳልነግራት ሮጬ ሣጥኑን ከፈትኩ። ማፍሰሻውን ከተሰፋለት የቆዳ ከረጢት ሳወጣው ክው አልኩ። የወልቂጤ ሁለት ክረምት ጉድ ሠርቶኛል። ለካ ቆዳ እርጥበቱን አቅፎ ይዞ ብረቱን ሲያስበላው ኖሯል። ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

በአመድና በአሸዋ ስፈትግ ዋልኩ። ጠራልኝ። በሦስተኛው ቀን ዝገቱ «እንደምን ሰነበትክ» ብሎ ተመለሰ። ደግሜ ፈተግሁት፤ ደግሞ መጣ። ክረምቱ ገና ነው። ከዝቋላ ይምጣ ከዘቢዳር የማይታወቅ ጉም በየጠዋቱ ቤታችን ውስጥ እየገባ ከእኛ ጋር ቁርስ ይበላል። እንዲህ ባለ አገር ብረት እንዴት አይዝግ?

አይዝግም ለካ! ጨውና ላምባ ልገዛ አቶ ከድር ሱቅ ገባሁ። አቶ ከድር የመስቃን ሰው ነው፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ቀና ስል ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ጥይት ማፍሰሻ! ያውም እንደ መስታወት የሚያበራ። አያቱ እንሰት የሚፈነቅለውን ከርከሮ የሚያድኑበት እንደነበረ ነገረኝ። የእሱ አያት ከርከሮ፣ የእኔ አያት የአጎቴን ጋን! እንግዲህ ይታያችሁ፤ እኔ የባላምባራስ ልጅ የዛገ ይዤ እሱ የሚያበራ ይሰቅላል።

እንደ ዋዛ አስመስዬ፣ ጨዉን እያገላበጥሁ፣ ያ ብረት ግን እንዴት ነው የማይዝገው አልኩት። አቶ ከድርም ጨዉን እየጠቀለለ «ሰም ነው አቶ ዘውዴ። እሳት ዳር በደንብ ያሞቁታል፤ ውስጡ ያለው እርጥበት ወጥቶ ይሄዳል። ትኩስ እንዳለ ሰም ይቀቡታል። በቆዳ አይደለም፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ይሰቅሉታል። ወላሂ ሌላ ነገር የለውም» አለኝ።

ሌላ ነገር የለውም! አመንኩት እንዴ? ለምን ብዬ? ሰው እንዲህ ያለውን ምስጢር ከጨው ጋር ጠቅልሎ ይሰጣል? ራሴን ጠየቅሁ፤ እኔ ብሆን እነግረው ነበር? በፍጹም። ስለዚህ እሱም አልነገረኝም። ይህን የመሰለ ማስረጃ ይዤ ምን አጠራጠረኝ? «ሰም» ያለኝ ሊያዘናጋኝ ነው አልኩና ምስጢሩን በራሴ መንገድ ላገኘው ቆረጥሁ።

ከዚያ ወዲያ የአቶ ከድር ወዳጅ ሆንኩ። በቀን ሁለት ጊዜ «አሰላሙ አለይኩም» እያልሁ እገባለሁ፤ እሱ ደስ ይለዋል፤ እኔ ዐይኔ ጓዳ ለጓዳ ይዞራል። አንድ ቀን እቤቱ ምሳ ጋበዘኝ። ከመደርደሪያው ላይ በኮባ የተጠቀለሉ፣ በቃጫ የታሠሩ ነገሮች ተደርድረዋል። ባለቤቱ ዘይነባ እርጉዝ ናት፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች አንዱን አወረደችና ፈታችው። ቅቤ ነው። አቶ ከድር መታ መታ እያደረገው «ይሄ እኮ አምስት ዓመቱ ነው። ይዩት፣ ምንም አልሆነም» አለኝ።

ምንም አልሆነም! እጄ ላይ ያለው ጉርሻ ቆመ። አምስት ዓመት ያልተበላሸ! ይኸው ምስጢሩ፤ ቅቤና ኮባ! ሰም የሚለኝ ለዚህ ነው! ጉራጌ አገር ተቀምጬ እስከዛሬ ይህን አለማየቴ አናደደኝ።

በገበያው ቀን ደህና ለጋ ቅቤ ገዛሁ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። አስካለ ከፋሲካ ጀምሮ ራሷን ቅቤ መቀባት አምሯት «ግዛልኝ» ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ ዘመናዊ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት በቅቤ አትሸትም እያልሁ ስሰብካት ከርሜአለሁ። አሁን ቅቤ ገዝቼ ለብረት ስቀባ ብታየኝ ምን እላታለሁ? ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ጓዳ ገብቼ ማፍሰሻውን በቅቤ ለቀለቅሁት። ጎድጓዳውንም ሞላሁት። ከላዩ ሌላ ቅቤ ደረብሁበት፤ በእርጥብ ኮባ ጠቅልዬ፣ በቃጫ አሥሬ ጓዳ ካለው ባዶ ጋን ኋላ ሸጎጥሁት። ለራሴ የተረፈኝን ቅቤ እንኳ ጣቴ ላይ አላስቀረሁም፤ በሙሉ ለባላምባራስ ብረት ሆነ።

ያን ክረምት እንደ ጌታ ኖርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ «ደብድብ» እላለሁ። በአቶ ከድር ሱቅ ሳልፍ የእሱን ማፍሰሻ አዘኔታ ባለው ዐይን አያለሁ። ሰውየው በሰም ሊሸውደኝ፣ እኔ ግን በቅቤው ደረስሁበት! መስከረም ሲጠባ ዘይነባ ወንድ ልጅ ወለደች። «ማሻ አላህ» ብዬ እንኳን ደስ ያለህ አልሁት፤ ከልቤ ነበር፤ ደስተኛ ሰው ለጋስ ነው።

ከመስቀል ማግሥት አባቴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። የቡኢ መንገድ አቧራ ነጭ ጋቢያቸውን ቡናማ አድርጎታል። ውሃ ብንሰጣቸው አልጠጡም፤ ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ተመርኩዘው «የታለ?» አሉኝ። እኔም እየተጀነንሁ ጓዳ ገባሁ። ከጋኑ ኋላ እጄን ሰደድሁ። ባዶ ነው። በሌላው በኩል ሰደድሁ። ባዶ ነው። ጋኑን አንሥቼ ከሥሩ አየሁ። ጋኑ ውስጥም አየሁ።

አስካለ ጓዳው በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። «የደበቅኸውን ቅቤ ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፤ የሚያስፈራው እሱ ነው። «ለማን እንደደበቅኸው አላውቅም፤ አልጠይቅህምም። የቅቤ ሽታ አልወድም የሚል ባል ቅቤ የሚደብቀው ለማን ይሆን እያልሁ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። በኋላ ዘይነባ ወለደች። ለአራስ ባዶ እጅ አይኬድ፤ ትናንት በመስቀል ያንተን ቅቤ አንሥቼ ሰጠሁልህ። ያችኛዋም ሌላ ትግዛ!»

ያችኛዋ የለችም ብዬ ልማል ነበር። ግን ያ ሁሉ ቅቤ የብረት ነው ብላት ይባስ አታምነኝም። አባቴ ከእልፍኝ «የታለ? ስንት ዓመት ነው የሚፈለገው?» እያሉ ከዘራቸውን መሬት ይመታሉ። እኔ ኩምሽሽ ብዬ ስወጣ አቶ ከድር በር ላይ ደርሷል። እንግዳ መምጣቱን ሰምቶ ሰላም ሊል ነው። የአባቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ይከለክሉታል። እሱ ግን አባቴን «ባላምባራስ፣ አላህ ያክብርዎት! ልጅዎ ያደረገልኝን የእናቴ ልጅ አያደርግልኝም። ይምጡ፣ በዐይንዎ ይዩ» ብሎ እጃቸውን ይዞ ወደ ሱቁ ወሰዳቸው። እኔም እንደ እስረኛ ከኋላ ተከተልሁ።

ግድግዳው ላይ ሁለት ማፍሰሻ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ሁለቱም ያበራሉ። የእኛው ደግሞ፣ ቅናት አይሁንብኝ እንጂ፣ ከዚያኛው ይልቅ ያበራል።

አቶ ከድር ይተርካል። በአራሷ ቤት ሴቶች ተሰብስበው ጥቅልሉን ሲፈቱት ከቅቤው መሃል ብረት ወጣ። መጀመሪያ ደነገጡ። በኋላ አንዲት አሮጊት ተነሥተው ነገሩን ፈቱላቸው፦ ጸሐፊው ለተወለደው ወንድ ልጅ የአባቶቹን ብረት ሰጠው፤ ያውም እንደ ክብር እንግዳ ራስ ቅቤ ቀብቶ! እልል ተባለ። አቶ ከድር በዚያው ቀን በግ አርዷል። ቀጥሎ ብረቱን በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ እሳት ዳር አሙቆ፣ ሰም ቀብቶ ከአያቱ ብረት ጎን ሰቀለው።

አባቴ ማፍሰሻውን አውርደው እጀታው ላይ ያለውን የአያቴን ምልክት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ዝጎ ነበር?» ብለው አቶ ከድርን ጠየቁት። ሁለት ወር በእርጥብ ቅቤና በእርጥብ ኮባ የተቀቀለ ብረት ምን ሆኖ እንደተገኘ እኔም እሱም እናውቃለን። አቶ ከድር ወደ እኔ ሳያይ «ጥቂት ቅቤ ነበረበት፤ ጠረግሁት» አለ። ጨዋነቱ ራሱ አስቀናኝ።

አባቴ አጠባበቁን ጠየቁት። አቶ ከድርም እሳት፣ ሰም፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ እያለ በሰኔ የነገረኝን ቃል በቃል ነገራቸው። አባቴ ዞር ብለው «ሰማህ?» አሉኝ። «ሰምቼ ነበር» አልኩ። በዚያ ሁሉ ወራት ከአፌ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው «ለካ ልብ አለህ! ልትጠብቀው እንደማትችል አውቀህ ለሚችል ሰጠኸው። ወንድምህ ቢሆን አያደርገውም» ብለው መረቁኝ። በስሕተት ነው ልል አፌን ከፈትሁ፤ ምርቃቱ ስለጣመኝ ዘጋሁት። አቶ ከድርን ግን «ልጄ» አሉት። ማፍሰሻውን ወደ ቦታው መልሰው ሰቅለው ሕፃኑን አንሥተው ሳሙት። ሰንብተው በሄዱበት ቀንም የጉዞ ስንቃቸውን ያቀበለው እሱ ነው፤ እኔ የያዝሁት ከዘራቸውን ነበር።

አውቶቡሱ እንደሄደ አቶ ከድር ወደ ቤቴ መጣ። ብብቱ ሥር በኮባ የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሠረ ነገር ይዟል፤ ልክ የእኔን ያህል፣ ክብደቱም የዚያኑ ያህል። ፈገግ ብሎ «ይሄ የእርስዎ ነው አቶ ዘውዴ። ብቻዎን ይፍቱት» ብሎኝ ሄደ። ልቤ ዘለለች። አውቆታል! ያ ጨዋ ሰው ሁሉን አውቆ፣ በአባቴ ፊት ሳያዋርደኝ፣ ብረቴን በስውር መለሰልኝ! በእሱ የቀናሁበትን ቀን ሁሉ ረገምሁ። ጓዳ ገብቼ በሩን ገፋሁ፤ ቃጫውን በጥርሴ በጠስሁ፤ ኮባውን ገለጥሁ። ቅቤ ነው። ጣቴን ሰደድሁ። ቅቤ። እጄን እስከ አንጓዬ ከተትሁ፤ አገላበጥሁ፤ ለሁለት ከፈልሁት፤ አፍረጥርጬ እስከ ክንዴ ድረስ ገባሁበት። ከላይ እስከ ታች ቅቤ ነው፤ ያውም እኔ ከገዛሁት የተሻለ ቅቤ። ለካ የመለሰልኝ ብረቱን ሳይሆን ቅቤውን ነው።

ቀና ስል አስካለ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ይሄኛውንስ የምትደብቀው ለማን ነው?» አለችኝ።